እየሳቀች ደረጃ የምትወጣው ሴትዮ

አምስተኛዋ ሴትዮም እንደ ፍየል ዘለለች።

ብሩሽ የላፕቶፑን ቁልፍ ደግማ ተጫነች። ትከሻዋ ላይ ጥቅል ጨርቅ የተሸከመች አድርጋ የሣለቻት ሴትዮ ደረጃውን ለመውጣት ቀኝ እግሯን አነሳች። ከዚያ ግራ እግሯ፣ በምን ተአምር እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ወገቧ አጠገብ ደረሰ። ጥቅሉ ማጅራቷን መታትና ተመልሶ ትከሻዋ ላይ ቁጭ አለ። ሴትዮዋም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ዘለቀች።

«ኤጭ!» ብላ እርሳሱን ወረወረችው። እርሳሱ ከግድግዳው ነጥሮ አልጋ ሥር ገባ። ይኸው፣ አሁን ደግሞ እሱን ፍለጋ በደረት መሳብ ሊመጣ ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነበር። አንዲት ሴትዮ ደረጃ እንድትወጣ ስምንት ሥዕል ያስፈልጋል፤ ስምንቱ በፍጥነት ሲከታተሉ የምትራመድ ትመስላለች። ቪዲዮ ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ ስምንቱንም እያፏጨ በአሥር ደቂቃ ይሥላቸዋል። ብሩሽ ያንን ሰውዬ አንድ ቀን በአካል ብታገኘው የምትለው ነገር ነበራት፤ ግን በሰው ፊት የሚባል አይደለም።

ሥዕሉ የሚገባበትን የኮምፒውተር ጨዋታ ያፈለቀችው የልብ ጓደኛዋ ሬዲዮ ናት። ይህ ቅጽል ስም የወጣላት ማጥፊያዋ የት እንዳለ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። አንድ ቀን ብሩሽ ቤት ስትመጣ ሊፍቱ አይሠራም፤ በሩ ላይ «በጥገና ላይ» የሚለው ወረቀት ከመቆየቱ ብዛት ራሱ ጥገና የሚያስፈልገው ሆኗል። ሬዲዮ ሰባት ፎቅ በእግሯ ወጥታ ሳሎኑ ወለል ላይ ዝርግፍ አለች። ትንፋሿ ሲመለስ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር «ይሄማ ጌም ነው!» የሚል ነበር።

እንዳለችውም ሆነ። «ሰባተኛ ፎቅ» ባሉት ጨዋታቸው ውስጥ ተጫዋቹ አንዲት መጋረጃ ሰፊ እናትን ከነጥቅል ጨርቋ ቤቷ ያደርሳታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጡረተኛው ጎረቤት በር ከፍተው ከያዟት ስለ ኩላሊታቸው ጠጠር ሲያወሩላት ሠላሳ ሰከንድ ይበላባታል። አምስተኛ ፎቅ ላይ ውሻ አለ። ሬዲዮ ኮዱን ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀራት ሥዕሉ ነው። የጨዋታዋ ሴትዮ ደግሞ ሌላ ማንም ሳትሆን የብሩሽ እናት ናት።

«ብሩሽ» የተባለችው አምስተኛ ክፍል ሆና የክፍሉን ግድግዳ በቀለም ስላሳመረች ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሣል ነገር ካለ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይጠቁማል። እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ «የሴትዮዋ እግር አቃተኝ» ማለት እንዴት ይቻላል?

ስልኳ ጮኸ።

«ደረሰ?» አለች ሬዲዮ፤ ሰላምታ እንኳ የለም። «ዛሬ ዓርብ ነው። ማክሰኞ የኮምፒውተር ክለቡ ውስጥ ሙከራ፣ የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ኤግዚቢሽን። እኔ እስካሁን በሴትዮዋ ቦታ ሳጥን ነው የማስወጣው። ሳጥን ደረጃ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ወንድሜ ሙድ ያዘብኝ፣ ፍሪጅ እያስወጣሽ ነው ወይ አለኝ!»

«ሊያልቅ ነው።»

«ሊያልቅ ነው፣ ሊያልቅ ነው! ባክሽ ካቃተሽ ንገሪኝና ከኢንተርኔት የተዘጋጀ እንፈልግ። ክለቡ እንደሆነ ይፈቅዳል።»

«ማን አቃተኝ አለ?» ብሩሽ ደሟ ፈላ። «ነገ ጠዋት ትደርስሻለች!»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። «ነገ ጠዋት» ያለውን አፏን በጥፊ ማለት አማራት።

ኢንተርኔት ላይ ፍለጋው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሴትዮዋ ቀይ ካፖርት ለብሳለች፣ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ አዝላለች፣ ፈገግ ብላለች። ስምንቱም ሥዕል ተሟልቷል፤ ደረጃው፣ በሩ፣ ውሻው ሳይቀር አብሮ አለ። ስትራመድ ጉልበቷ ዘይት የተቀባ ይመስላል። ገጹ ላይ «በነፃ ውሰዱ፤ የሠዓሊዋን ስም ብቻ ጻፉ» ይላል። ሌብነት የለበትም፣ ማጭበርበር የለበትም። ብሩሽን ያናደዳትም ነገሩ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፋይሉን ለሬዲዮ ላከችና «ይኸው» ብላ ጻፈች። ከየት እንዳመጣችው ልትቀጥል ስትል የሬዲዮ የድምፅ መልእክቶች እንደ ዶፍ ወረዱባት።

«አንቺ ሰው አይደለሽም!»

«እግሯን አየሁት! እግሯን!»

«እጅሽን ነው የምስመው ሰኞ፣ ሙች!»

ብሩሽ «አይ፣ እኔ እኮ አይደለሁም» ድረስ ጻፈች። አራተኛው መልእክት ገባ። «ለአክስቴ አሳየኋት፣ ጓደኛዬ ናት የሣለቻት ስላት አላመነችም!»

ብሩሽ የጻፈችውን ከኋላ ጀምራ ፊደል በፊደል አጠፋችው። በምትኩ «አመሰግናለሁ» ብላ ላከች። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ሰኞ ትነግራታለች፤ ሰኞ ፊት ለፊት ሲገናኙ ይቀላል።

ሰኞ አልቀለለም። የክለቡ ኃላፊ የሆኑት የኮምፒውተር አስተማሪ ቅጽ አደሉ። ቅጹ ላይ «ሥዕሉ፦ የራሳችን ነው፣ የተዘጋጀ ነው» የሚል መስመር አለ። «ሁለቱም ይፈቀዳል» አሉ አስተማሪው። «እኔ የምፈልገው እውነተኛውን እንድትጽፉ ነው።» ሬዲዮ «የራሳችን» የሚለው ላይ ምልክት ስታደርግ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶት ወጣ። ብሩሽ በዚያን ሰዓት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ክሩ ደግሞ አልተፈታም ነበር።

ማክሰኞ ጉድ ፈላ።

የክለቡ ልጆች ተራ በተራ ጨዋታቸውን በፕሮጀክተር እያሳዩ ነው። መንትዮቹ ቀረቡ። መንትዮች ይባሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ነው። ግን ቦርሳቸው አንድ ዓይነት፣ የፀጉር ቁርጣቸው አንድ ዓይነት፣ ሲቀጡም አብረው ናቸው። ጨዋታቸው ተራራ መውጣት ነው። ቁልፉን ተጫኑ፤ ቀይ ካፖርት የለበሰች፣ ቦርሳ ያዘለች፣ ፈገግ ያለች ሴትዮ በዚያ ዘይት በተቀባ ጉልበቷ ተራራውን ተያያዘችው።

ብሩሽ ወንበሯ ላይ ዝቅ አለች።

«ሌቦች!» ሬዲዮ ወንበር ላይ ቆማለች። መቼ እንደወጣች ያየ የለም። «ቲቸር፣ የብሩሽን ሥዕል ሰርቀዋል! የእሷ ሴትዮ ናት!»

«የምን ስርቆት?» አለ ረጅሙ መንትያ። «ከዘመዴ ፍላሽ ላይ ነው ያገኘናት። ለሁሉም ሰው የተፈቀደ ነው ብሎኛል። ቅጹም ላይ የተዘጋጀ ብለናል፣ ይኸው!»

«ማን ሣላት ታዲያ? ስሙን ንገረን!»

«አላውቅም። ፍላሹ ላይ ስም የለም።»

«አያችሁ! አያውቅም! እኛ እናውቃለን፣ ብሩሽ ናት!»

ክፍሉ በጫጫታ ተናጋ። አስተማሪው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱና ሬዲዮን ከወንበሩ ላይ አስወረዷት። «ሰው ላይ ሌባ እያሉ አይጮህም። ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጣላችሁ። ብሩሽ፣ የጀማመርሽበትን ደብተር ይዘሽ ነይ። እናንተም ከየት እንዳመጣችሁት የሚያሳይ ነገር ካላችሁ አምጡ። ካልሆነ ቅዳሜ አትቀርቡም።»

አጭሩ መንትያ ብዙ አይናገርም። ላፕቶፑን አጥፎ ሲያልፍ ብሩሽ ፊት ቆመ። «አንቺ ነሽ የሣልሻት?» አላት፤ ንዴት አልነበረበትም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ገጹን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

«ነገ ደብተሬን አመጣለሁ» አለች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰባቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ባዶ ገጽ ከፈተች፤ ላፕቶፑ ላይ ቀይ ካፖርቷን ሴትዮ አቁማ መገልበጥ ጀመረች። ነገ አስተማሪው የሚያዩት ረቂቅ ያስፈልጋላ! አንጀቷን ያሳረረው ደግሞ እጇ እንዲህ እሺ ብሏት አለማወቁ ነው። ለራሷ ሥዕል አልታዘዝ ያለው እጅ ለማታለያው ሲሆን አንድም መስመር አላጠፋም። አንደኛው አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ፣ ሦስተኛው ላይ ጥላ ሁሉ ጨመረችበት።

«ኧረ አንድ ሰው ይቀበለኝ!» አለ ከበሩ በኩል የእናቷ ድምፅ።

ብሩሽ ሮጣ ጥቅሉን ተቀበለቻት። እናቷ የደንበኛ መጋረጃ የሚሰፋበትን ጨርቅ ከሱቅ እየተሸከመች የምታመጣው ራሷ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ማናት ይቺ?»

«አንቺ ነሽ።» ከአፏ አምልጧት ነው።

«እኔ?» እናቷ ደብተሩን አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «እኔ መቼ ነው እየሳቅኩ ደረጃ ወጥቼ የማውቀው?»

«ጌም ነው እኮ፣ እማ። ጌም ላይ ሰው ይስቃል።»

«እኒያ ሰውዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በራቸውን ከፍተው እየጠበቁኝ? ዛሬም ይዘውኝ ነበር፤ ጠጠሯ ተንቀሳቀሰች ብለው አሥር ደቂቃ።» ሥዕሉን እንደገና አየችው። «ደግሞ እግሯን ምን አስነሳት እንዲህ? ዕቃ የተሸከመ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚወጣው? ወገቤን ልትሰብሪው ነው?»

«ታዲያ እንዴት ነው የምትወጪው?» አለች ብሩሽ ተነጫንጫ።

እናቷ በርጩማውን በእግሯ ስባ አመጣችና ጥቅሉን መልሳ ትከሻዋ ላይ ጫነችው። ቀኝ እግሯን በርጩማው ላይ አደረገች። አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ግራ እግሯን ጎተተችና ከቀኙ ጎን አቆመችው። ከንፈሯን አሹላ ተነፈሰች።

«አየሽ? አንዱን አስቀድማለሁ፣ ሌላውን እጎትታለሁ፣ እተነፍሳለሁ። ቀጥሎም ያው ቀኙ ነው። ግራዬ ቀድሞ አያውቅም።»

ብሩሽ አፏን ከፍታ ቀረች። ግራ እግር! ሁለት ሳምንት ሙሉ ወገብ ድረስ ስትሰቅለው የኖረችው፣ እንቅልፍ የነሳት ግራ እግር ለካ ከነጭራሹ አይቀድምም! የሚያፏጨውን ሰውዬ ስታይ ውላ፣ በየቀኑ በፊቷ ጥቅል ይዛ የምትገባውን ሴት አንድ ቀን ዞር ብላ አላየቻትም።

«ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«መቼ ጠየቅሽኝና?» አለች እናቷ ከበርጩማው እየወረደች። «ይቺን ሳቂታዋን ግን ለምንድን ነው የምትገለብጫት? እዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አለች አይደለች?»

«ለትምህርት ቤት ነው።»

እናቷ ጨርቁን አንስታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች።

አዲስ ገጽ ገለጠችና የእናቷን ቀኝ እግር ደረጃው ላይ አሳረፈች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ ተከለች። ቀጥላ ሁለቱንም እግሮች አቆመች፣ ከንፈሯን አሾለች፣ ጥቅሉ ትከሻዋን ዝቅ እንዲያደርገው አደረገች። ሁለት ሥዕል ሆኑ። ክንዷ ትንሽ ረዝሟል፣ አገጯም አላማራትም። ቢሆንም ትቆማለች፤ እንደ ፍየል አትዘልም።

አሁን ደብተሩ ላይ ሦስት የተገለበጡ፣ ሁለት የእሷ ሥዕሎች አሉ። ሦስቱን ነገ ብታሳይ ትታመናለች። መንትዮቹ ቅዳሜ አይቀርቡም፣ ለእሷ ይጨበጨብላታል፤ አጭሩ ልጅ ደግሞ «አንቺ ነሽ የሣልሻት?» ያለበት ፊቱ ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። አሁንም አለቀቃትም። ሦስቱን ገጾች ቀደደችና ጨምድዳ ጣለቻቸው። ይህን አድርጋም ቀለል አላላትም። ነገ ጠዋት እንዳለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

ሬዲዮ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀበለቻት። «ደብተሩን ያዝሽ? እኔ ማታ የምንለውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። መጀመሪያ አንቺ ታሳያለሽ፣ ከዚያ እኔ ቀኑን እናገራለሁ፣ ከዚያ—»

«እኔ አይደለሁም የሣልኳት።»

ሬዲዮ ሦስት እርምጃ ያህል ማውራቷን ቀጠለች። ከዚያ ቆመች። «ምን አልሽ?»

«ከኢንተርኔት ነው የወሰድኳት። ገጹን አውቀዋለሁ።»

«ለአክስቴ እኮ ነግሬያታለሁ!» ሬዲዮ ፊቷ ቀላ። «ወንበር ላይ ቆሜ ሌባ ብያለሁ! ሰው ሁሉ እየሰማ! የተዘጋጀ እንፈልግ ያልኩሽስ እኔ አይደለሁም? ብትነግሪኝ ምን እልሽ ነበር?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«አቃተኝ ማለት አቃተኝ።»

ሬዲዮ ቦርሳዋን ከአንድ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። «እኔ አብሬሽ አልገባም» አለች በመጨረሻ። «ራስሽ ንገሪያቸው።»

መንትዮቹ ቀድመው ቢሮው ውስጥ ቆመዋል። ረጅሙ ፍላሹን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞታል፤ ሌላ የሚያሳየው ነገር የለውም። አስተማሪው ወንበር አመለከቷት። ብሩሽ ከተቀመጠች እንደማትናገር ስለገባት ቆመች።

«አልሰረቁም» አለች። «እኔም አልሣልኳትም። እኔም እንደነሱ የተዘጋጀውን ነው የወሰድኩት። ሬዲዮ አታውቅም ነበር።» የገጹን አድራሻ የጻፈችበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

አስተማሪው መነጽራቸውን አወለቁ። «ትናንት ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ ነው፣ ቲቸር።»

«ጠይቄሽ ነበር» አለ አጭሩ መንትያ።

«አዎ። ይቅርታ።»

ልጁ ፍላሹን ከጓደኛው ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። አስተማሪው ለመንትዮቹ ቅጻቸውን መለሱላቸው፤ ለብሩሽም አዲስ ቅጽ ሰጧት። «ዛሬ ክለቡ ሲሰበሰብ ይህንኑ በሁሉም ፊት ትደግሚዋለሽ» አሏት። «ጨዋታችሁን አልሰርዘውም። የተዘጋጀ ብላችሁ፣ የሠዓሊዋን ስም ጽፋችሁ ግቡ። ይበቃል።»

ሬዲዮ ኮሪደሩ መጨረሻ ወለል ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ታቅፋለች። ቀና ብላ አላየችም። «እሺ፣ የተዘጋጀ ብለን እንግባ አይደል? አለቀ በቃ።»

ብሩሽ አጠገቧ ተቀመጠችና ደብተሩን ከፍታ ጉልበቷ ላይ አደረገችላት። ሬዲዮ ማየት አልፈለገችም፤ በኋላ ግን በዓይኗ ጠርዝ አየች። ከንፈሯን ያሾለችውን ሴትዮ ስታይ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው፤ ኩርፊያዋ ገና አላለቀም።

«እናትሽን ነው የምትመስለው» አለች። «ሌሎቹ ስድስትስ?»

«የሉም። ሁለት ብቻ ናቸው። ደረጃው፣ በሩ፣ ውሻው የተዘጋጁት ይሁኑ፣ ስም እንጽፍላቸዋለን። እሷን ብቻ በዚህች እንቀይራት።»

«በሁለት ሥዕል? ትንቀጠቀጣለች እኮ! የመንትዮቹ ሴትዮ እንደ ውኃ እየፈሰሰች፣ የእኛዋ ከጎኗ እየተንቀጠቀጠች! ቀሽም ናት ይላሉ። ሙድ ይይዙብናል።»

«ይያዙ።»

«ብሩሽ ናት የሣለቻት ይላሉ።»

«ይበሉ» አለች ብሩሽ። «እኔው ነኝ የሣልኳት።»

ሬዲዮ ላፕቶፗን ከፈተችና እጇን ዘረጋች።

«አምጪው ደብተሩን።»